ክረምት የማይችሉ ተክሎችን በጅማ ጓሮ በላስቲክ ቤት ማሳለፍ

ጅማ ዱላ ቢተከል የሚበቅልባት ከተማ ናት። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ ለአበባ ላስቲክ ቤት የሚሠራ ሰው ያየ ጎረቤት "እዚህ አገር ለተክል ደግሞ ቤት?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለቡና፣ ለእንሰት፣ ለአቮካዶ፣ ለጽጌረዳ ምንም ቤት አያስፈልግም። ቡገንቪሊያም አጥር ላይ ወጥታ እንደፈለገች ትኖራለች። የሚቸገሩት ከሌላ አየር የመጡት ናቸው። ከደረቅ ቆላ የመጣ አዴኒየም፣ ዘሩ ከሜክሲኮ የሆነ ቁልቋል፣ የእስያን ሞቃት ጫካ የለመደ ኦርኪድ። ሰው እነዚህን መጋቢት ላይ አምረው አይቶ ይገዛል። መስከረም ላይ ባዶ ማሰሮ ይቀረዋል።

ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ትንሽ ላስቲክ ቤት እንዴት እንደምትሠራ፣ ከግንቦት እስከ የካቲትም ውስጧ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እናያለን።

መጀመሪያ ክረምቱን ማወቅ

ተክልን ክረምት ስለማሳለፍ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የአውሮፓና የአሜሪካ ነው። እዚያ ክረምት ማለት ውርጭ፣ በረዶና አጭር ቀን ነው። ብርዱም ጨለማውም አብረው ይመጣሉ። ያንን ምክር ጅማ ላይ እንዳለ ብንወስደው ተክሉን እንጎዳዋለን። እኛ ጋ ችግሮቹ የሚመጡት በተለያየ ጊዜ ነው።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ጉልበቱ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ ደመናው ሙቀቱን ይይዘዋል። የሚከፋው ውሃው ነው። አፈር አይደርቅም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ፀሐይም ለቀናት አትወጣም።

ብርዱ የሚመጣው ዝናቡ ከሄደ በኋላ ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ አንዲቷ ቤት ሁለት ሥራ አለባት። በሐምሌ ዝናብ ትከለክላለች፣ በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀት ትይዛለች። በሐምሌ ጎኗ ክፍት መሆን አለበት፣ በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ዝግ። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው።

የቀን ርዝመት ነገር አያሳስባችሁ። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኑ በዓመት ውስጥ ከ11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው መካከል ነው የሚመላለሰው። ልዩ የተክል መብራት ግዙ የሚለውን ምክር እለፉት።

የትኞቹ ይግቡ?

ቦታው ጠባብ ነው፤ መምረጥ ግድ ነው። በደንብ የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ናቸው።

አዴኒየም፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት። በአገራችን ቆላ በዱር የሚበቅል ዘመድ አለው። ግንዱ ከሥሩ አብጦ ውሃ ያጠራቅማል። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ቅጠሉን ማራገፍ ይጀምራል፤ ይህ እንቅልፍ ነው፣ ሞት አይደለም። ብርድና እርጥብ አፈር ሲገጥሙበት ግን ይበሰብሳል።

ቁልቋሎችና ሌሎች ሰኩለንቶች፣ ማለት በወፍራም ቅጠላቸው ወይም ግንዳቸው ውሃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች። አፈራቸው ደረቅ ከሆነ አብዛኞቹ እስከ 5 ዲግሪ ይችላሉ። ከነሱ የምንከለክለው ዝናብን ብቻ ነው።

ፋላኖፕሲስ ኦርኪድ፣ አንቱሪየምና ክሮተን። እነዚህ እርጥብ አየር ይወዳሉ፣ ስለዚህ ሐምሌን ከሌሎቹ ይሻላሉ። ፈተናቸው ኅዳር ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድባቸው ይቆዝማሉ፤ ክሮተን ቅጠሉን ያረግፋል፣ የኦርኪድ ቅጠል ላይ ጠቆር ያለ የሰጠመ ነጥብ ይወጣል።

ካላዲየም ለብቻው ነው። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ሲሞት ኮረቱን፣ ማለት አፈር ውስጥ ያለውን ድንች መሰል እብጠት አውጥታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ ቅበሩትና ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ላስቲክ ቤት አያስፈልገውም።

ጄራኒየም፣ ቡገንቪሊያና ሂቢስከስ ውጭ ይቆዩ። እነሱን ማስገባት ቦታ መጨረስ ነው።

ቦታ መምረጥ

ጅማ በኮረብታ የተከበበች ናት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከኮረብታው ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። አዌቱ ወንዝ ዳርና ቦዬ ረግረግ አካባቢ ያለ ጓሮ፣ ከጅሬን ዳገት ላይ ካለ ጓሮ ይልቅ በታኅሣሥ ንጋት ይበርዳል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ታችኛውን ጥግ ተዉት፤ ከፍ ያለውን ያዙ። አጥሩ በግንብ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ብርዱ እዚያው ታቁሮ ይቀራል።

የሚቻል ከሆነ ቤቷን ከመኖሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ጋር አስጠጉ። ግድግዳው ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ሌሊት ይመልሳል፤ ወጪም ይቆጥባል። የትኛው ግድግዳ? የደቡቡ። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ታጋድላለች፣ ግድግዳውንም ፊት ለፊት ታገኘዋለች። በሰኔ አጋማሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ያኔ ግን ደመና ስለሆነ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ነው፣ ልዩነት አያመጣም። ደቡቡ ካልተገኘ ምሥራቁ ጥሩ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ቅጠል ላይ ያደረውን እርጥበት ቶሎ ታደርቃለች። የምዕራቡ ግድግዳ በየካቲት ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ግድግዳዎቻችሁን ዙሩና እዩ። የጭቃ ርጭቱና አረንጓዴው ሻጋታ የበዛበት ጎን ዝናቡ ነፋስ ይዞ የሚመታበት ነው። የቤቷ በር በዚያ በኩል አይሁን።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ የቆርቆሮው ውሃ ላስቲኩ ላይ መፍሰስ የለበትም። አሸንዳ ከሌለ መጀመሪያ አሸንዳ ይሰቀል። ውሃውን በበርሜል ያዙት፤ የዝናብ ውሃ ጨው ስለሌለው ለኦርኪድ ከምንም ይሻላል። በርሜሉን ግን ክደኑት፤ የወባ አገር ላይ ነን።

ቤቷን መሥራት

በሚያዝያ ይጀመር። ሰኔ ላይ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ምሰሶ መትከል አይመችም።

የሚያስፈልገው፦ ስድስት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ለጣራው ማገር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ሞራሌ፣ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያለው የግሪንሃውስ ላስቲክ፣ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ ያረጀ ካላማዳሪ፣ ሲባጎ፣ ጠጠር። ላስቲኩ ላይ አትሰስቱ። ተራው ላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው በአንድ ዓመት ውስጥ ይሰባበራል። የፀሐይ መከላከያ የተጨመረበት ሦስት አራት ዓመት ያገለግላል።

አንደኛ፣ ቋሚዎቹን ልጡና አፈር የሚነካውን ጫፍ እሳት አስልሳችሁ አጥቁሩት። ጅማ ላይ ምስጥ ቀልድ አያውቅም። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ከቀባችሁ አፈሩ ውስጥ ምንም እንዳትተክሉ።

ሁለተኛ፣ ሦስቱን ረጃጅም ቋሚዎች በግድግዳው በኩል፣ ሦስቱን አጫጭሮች ከፊት ትከሉ። 50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይበቃል፤ በድንጋይ አጥብቁት። ከኋላ ከመሬት በላይ 2 ሜትር ከ60፣ ከፊት 1 ሜትር ከ60 ይሁን። ለ2 ሜትር ወርድ የ1 ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ይበዛል የሚል ካለ አትስሙት። ጣራው ከዚህ ከተኛ የሐምሌ ዶፍ ላስቲኩ ላይ ይቋጥራል፣ ሆዱ እየወረደ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ማገሩን ይዞ ይወድቃል። በረዶ ሲቀላቀልበት ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ላስቲክ የሚነካውን እንጨት ሁሉ በእጃችሁ ዳብሱ። እሾህና ጉጥ ካለ በቢላ ላጉት። ማዕዘኖቹን በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሉ። ላስቲክ የሚቀደደው ከዚህ ነው፤ ነፋስ ሲያንገጫግጨው እዚያው ነጥብ ላይ እየተፋተገ።

አራተኛ፣ ላስቲኩን ሞቃት ቀን መርጣችሁ እኩለ ቀን ላይ ዘርጉት። ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ያኔ ሳብ አድርጋችሁ ከመታችሁት ማታ ሲቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በሚስማሩ ሥር ቆርኪ አድርጉ፣ ከቆርኪው ሥር የካላማዳሪ ቁራጭ። ባዶ ሚስማር ላስቲክ ይቀዳል።

አምስተኛ፣ የጎኖቹ ላስቲክ የሚጠቀለል ይሁን። ታችኛውን ጫፍ ረጅም ቀርከሃ ላይ አጠንጥኑና በሲባጎ ወደ ላይ የሚሳብ አድርጉት። ከኋላ፣ በጣራውና በግድግዳው መገናኛ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ፤ ዝናብ እንዳያስገባ ከላዩ የቆርቆሮ ቁራጭ ይጋደምበት። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ መውጫ ካላገኘ ጣራው ሥር ጠብታ ሆኖ ተክሉ ላይ ይመለሳል። ክፍተቶቹን ከአገልግሎት በወጣ አጎበር ሸፍኑ፤ ተባይ ይቀንሳል።

ስድስተኛ፣ ወለሉ ላይ አንድ ጋት ጠጠር አፍስሱ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። የጅማ ቀይ አፈር ውሃ ሲጠግብ ቶሎ አይለቅም፤ ቦይ ከሌለ ውሃው ከሥር ሰርጎ ይገባል። ማሰሮዎቹ በጣውላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ፤ ጣውላዎቹ መሀል ክፍተት ይኑር።

ግንቦት፦ ተክሎቹን ማዘጋጀት

በዚህ ወር ተክሉን ከማሰሮው አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛ ሥር ጠንካራና ነጣ ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚላጥ ካለ በንጹሕ መቀስ ቁረጡት።

አፈሩ ላይ ቆም እንበል፤ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው። የጓሯችን ቀይ አፈር ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ይጠቀጠቃል፣ አየር አያስገባም። ለአዴኒየምና ለቁልቋል አንድ እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ ፍርክስክስ ያለ ነገር ያስፈልጋል። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ሻካራውን መርጣችሁ፣ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት፤ ደቃቁ አሸዋ ከጭቃ አይሻልም። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ሬድ አሽ ወይም ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛባቸው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) ከተገኘ ከአሸዋም ይበልጣል። የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን በወንፊት ለዩ። ጥቂት የከሰል ስባሪ ጨምሩበት።

የቡና ገለባ ጅማ ላይ በብዛት ይገኛል፤ ሰው ሁሉ ይመክረዋል። በእርግጥ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለዓመት ያህል ከርሞ የጠቆረውን ብቻ። ትኩሱ ገለባ ሲብላላ ይግላል፣ የአፈሩንም ናይትሮጅን ይሻማል፣ ይሻግታል። ለአዴኒየም ማሰሮ ደግሞ የከረመውም ቢሆን አይግባ፤ ውሃ ይይዛል። ለአንቱሪየም ግን ተስማሚ ነው።

ኦርኪድ በአፈር አይተከልም። የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪና ከሰል ይበቃዋል።

ማሰሮ ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጎኑም ይተነፍሳል። የቀለም ባልዲ ከሆነ ሥሩን በአምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከሥሩ ሳህን አታስቀምጡ። ማዳበሪያ ከግንቦት መጨረሻ በኋላ አቁሙ፤ በክረምት የሚወጣ ለምለም ቅጠል ለሻጋታ ምግብ ነው።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፦ አየር፣ አየር፣ አየር

የመጀመሪያው የሰኔ ዶፍ ከመምጣቱ በፊት ተክሎቹ ይግቡ። ቅጠል ከቅጠል እንዳይነካካ አራርቃችሁ ደርድሯቸው። ደረቅ ወዳዶቹ ከላይ፣ እርጥብ ወዳዶቹ ከታች።

ከዚያ በኋላ ጎኖቹ ቀንም ሌሊትም ክፍት ናቸው። ዝናቡ በነፋስ ከገባ በዚያ በኩል ብቻ ዝቅ አድርጉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ "ክረምት ነው፣ ይብረዳቸዋል" ብሎ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። የተዘጋ ላስቲክ ቤት በሐምሌ የሻጋታ ማሳደጊያ ነው። ግራጫው ሻጋታ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥብና የማይንቀሳቀስ አየር ነው። በየሁለት ቀኑ የወደቀ ቅጠልና የጠወለገ አበባ ልቀሙ፤ ሻጋታው ከሞተው ነው የሚጀምረው።

ውሃስ? አዴኒየምና ቁልቋል በሐምሌና በነሐሴ በወር አንድ ጊዜ ትንሽ ቢያገኙ ይበቃቸዋል፤ ፀሐይ ጨርሶ ከጠፋ እሱም ይቅር። ለሌሎቹ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡ። ማሰሮውን ማንሳትም ያስተምራል፤ ደረቁ ቀላል ነው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እጃችሁ ይለምደዋል። የምታጠጡት ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ማታ አይጠጣም። ኦርኪድን ሥሩን እንጂ መሀል ልቡን አታርጥቡ፤ ቅጠሎቹ መገናኛ ላይ ውሃ ካደረ ከልቡ ይበሰብሳል። ከገባም በጨርቅ ጫፍ ምጠጡት።

ቦዬ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት አዴኒየማቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው ነበር። "ልጄ፣ አንድ ቀን ውሃ ነፍጌው አላውቅም፣ ምን አጎደልኩበት?" አሉኝ። ግንዱን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው በአንድ ጎኑ ጠለቀ። "እማማ፣ ምንም አላጎደሉም፣ ውሃው ነው የበዛበት" አልኳቸው። እዚያው ተቀምጠን ቆረጥነው። ላዩ አመድማ ቆዳ ጤነኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ቡናማ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የሚሸት ሥጋ ነበር። እየቀረፍን ስንሄድ ጠንካራና ነጭ ሥጋ ጋ ደረስን። ከእብጠቱ ሲሶው ሄዷል፣ የቀረው ተርፏል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሐምሌ ላይ በየሳምንቱ የእያንዳንዱን አዴኒየም ግንድ ጫን ጫን አድርጉ። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። በእኩል መጠን ለስለስ ብሎ ቆዳው ከተጨማደደ የጠማው ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ትንሽ ውሃ ይስተካከላል። በአንድ ቦታ ብቻ ከሰረጎደ ግን መበስበስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ያኔውኑ ቢላውን በአልኮል ጥረጉና እስከ ነጩ ሥጋ ድረስ ቁረጡ። ቁራጩ ላይ አንድ ቡናማ ነጥብ እንኳ ከታየ ገና ነው፣ ቀጥሉ። ቁስሉን በደቀቀ ከሰል አልብሱት። ያለ አፈር፣ በጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ቁስሉ ደርቆ ሲጠነክር በደረቅ አፈር ተክላችሁ ለተጨማሪ ሳምንት ውሃ አትስጡት።

ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። የአዴኒየም ፈሳሽ መርዝ ነው፤ በአፍሪካ አንዳንድ ቦታዎች አዳኞች ፍላጻ ይቀቡበት ነበር። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ቁራጩንም ልጆችና ከብት ከማያገኙት ቦታ ጣሉት።

በዚህ ወቅት ቀንድ አውጣም ይመጣል። ማታ በባትሪ እየፈለጋችሁ ልቀሙት፤ ከማሰሮ ሥርና ከጣውላ ጀርባ ነው የሚደበቀው። የመደርደሪያው እግር ዙሪያ ደረቅ አመድ መነስነስ ያግዛል፤ ሲረጥብ ግን መታደስ አለበት።

መስከረምና ጥቅምት

ፀሐይዋ ስትመለስ ቸኩላችሁ አታውጧቸው። ሦስት ወር በደመና የቆየ ቅጠል የመስከረም ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ነጭ ወይም ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ አይድንም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የጠዋት ፀሐይ ብቻ ይስጧቸው፤ ከዚያ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዓቱን እያስረዘማችሁ ሂዱ። ውሃና ቀለል ያለ ማዳበሪያ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ኦርኪድ ላላችሁ ጥሩ ወሬ አለ። ፋላኖፕሲስ ሌሊቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሆኖ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ነው የአበባ ዘንግ የሚያወጣው። ዝናቡ ሲያበቃ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይህን ያለ ወጪ ልታገኙት ትችላላችሁ። ዘንጉ ብቅ ሲል ማሰሮውን አታዙሩት፤ ወደ ብርሃን ይሄዳልና ይጣመማል።

የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት

አሁን ጎኑ ሌሊት ይዘጋል። ግን ላስቲክ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። መሬትና ተክል ሌሊት የሚተፉትን ሙቀት መስታወት ያስቀረዋል፣ ቀጭን ላስቲክ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ባዶ ላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው አየር ከውጭው እኩል፣ አንዳንዴም ባስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጨምራለን።

አንደኛው ውሃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ጥቁር ቀቡና ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ በሚያገኛቸው ጎን ደርድሯቸው። ቀን ይሞቃሉ፣ ሌሊት ቀስ እያሉ ይለቃሉ። አንዱ ጀሪካን በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት፣ አንድ ሺህ ዋት ምድጃ በ7 ደቂቃ የሚሰጠውን ያህል ነው። አሥር ጀሪካን ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ ያለ መብራት፣ ያለ ክፍያ። ለዚህች ትንሽ ቤት ጥሩ ነው። ብርድ የሚፈሩትን ከጀሪካኖቹ አጠገብ አድርጉ።

ሁለተኛው ድርብ ላስቲክ ነው። በውስጥ በኩል ሁለተኛ ቀጭን ላስቲክ ከመጀመሪያው አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ወጥሩ። መሀል የተያዘው አየር የሚባክነውን ሙቀት ሲሶ ያህል ይቀንሰዋል።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከመጨለሙ በፊት፣ ያረጀ ጋቢ ወይም አንሶላ በተክሎቹ ላይ አልብሱ። ጨርቁ ቅጠል እንዳይጫን ቀጭን ቀርከሃ ቅስት አድርጋችሁ ከሥሩ ደግፉ። ጠዋት ይነሳል።

ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግበውን አይነት ግዙ፣ በተክሎቹ ቁመት ልክ ጥላ ላይ ስቀሉት። ብርዱ የሚጠነክረው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ የምታዩት ቁጥር አይነግራችሁም።

ከሰል እንዳታስገቡ። በሩ በተዘጋ ላስቲክ ቤት ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ሊያይ ገብቶ የማይወጣ ሰው ይኖራል። ለተክሉም ቢሆን ጭሱ አበባ ያረግፋል። ሌሊቱ በጣም ከከፋ ኦርኪዱንና አንቱሪየሙን ለጥቂት ቀናት ሳሎን አስገቧቸው፤ ሁለት ማሰሮ መሸከም አይከብድም።

በእነዚህ ወራት ቀኑ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የተዘጋ ላስቲክ ቤት በጥር እኩለ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጎኖቹ ይከፈቱ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሳትሄድ ይዘጉ፤ ያኔ የቀኑን ሙቀት ይዛ ታድራለች። ማታ 1 ሰዓት ላይ የዘጋ ሰው ብርዱን ነው የሚዘጋበት። ጠዋት የምትወጡ ከሆነ ለቤተሰብ አስረዱ፤ አንድ ቀን ተዘግቶ መዋል ከአንድ ወር ብርድ ይብሳል።

አየሩ ሲደርቅ ቀይ ሸረሪትና ጥጥ የመሰለው ነጭ ተባይ ይነሳሉ። የቅጠሉን ጀርባ እዩ። ቀይ ሸረሪቷን በጠዋት ውሃ ርጭት ማባረር ይቻላል። ነጩን በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉት። ለቁልቋል ውሃ አሁንም በወር አንዴ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ዕረፍት ካገኘ በኋላ ነው ብዙው ዝርያ የሚያብበው።

የካቲት

ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በላይ መቆየት ሲጀምር ጨርቁና ድርቡ ላስቲክ ይነሳ። አዴኒየሙ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነቁጥ ሲያሳይ ውሃ ጀምሩለት፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ቅጠሉ ሲዘረጋ ደህና አድርጎ። ማሰሮ የጠበበበትን አሁን ቀይሩ። ካላዲየሙን ከሰጋቱራው አውጡና እጃችሁ ላይ መዝኑት፤ ጠጣርና ከበድ ያለው ይተከል፣ ቀሎ የተሸበሸበው ይጣል።

ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሱ። ላስቲኩን በሳሙናና በስፖንጅ እጠቡት፤ አቧራና አልጌ ብርሃን ይቀንሳል። ቀዳዳውን በሁለቱም በኩል በሰፊ ፕላስተር ለጥፉ። ቋሚዎቹን ከሥር በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ ምስጥ ደርሶበታል፣ ይቀየር። የጥር ጀሪካኖች ውሃቸው ለአትክልት ይፈስ፤ ቦታቸውን ለችግኝ ይልቀቁ። ቦዩን ከመጋቢት ዝናብ በፊት ጥረጉ። ላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አዲሱን ግዙና በየካቲት ሞቃት ቀን እኩለ ቀን ላይ ወጥሩት።